ማርስ ላይ ማን ይቀበለናል?

ስለ መጀመሪያው ማረፍ የተጻፉ ልብወለዶች ከጨለለቅቱ ሲነበቡ

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የወጣቶች ትምህርት አብቅቶ አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ቦታቸው እየመለስን ሳለ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ አለኝና፣ «ቲቸር፣ ሰው ማርስ ላይ ቢያርፍ እምነታችን ምን ይሆናል?» ሲል ጠየቀኝ። በጓደኛው ስልክ አንድ ፊልም አይቶ ነበር። ሌሊቱን በደንብ እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ውጭ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ይደበድባል፤ መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እኔም የማግስቱ መርሐ ግብር አስጨንቆኛል። «ይህ ተረት ነው፤ ጊዜህን በቃሉ ላይ አውለው» አልኩትና ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ልጁ አሁንም ይመጣል። ነገር ግን የሚቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ከመኝታ ክፍል ጓደኛዬ እየተዋስሁ አነብ ነበር። ስለዚህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ የስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ያለፍኩበትን መንገድ መካድም ነበረበት። ይህ ጽሑፍ ለእሱ ያለብኝ ዕዳ ነው። ጥያቄው የእናንተም እንደሆነ ስለምገምት አብራችሁኝ እንድታነቡ እጋብዛችኋለሁ። ከምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንም ያልረገጣት ምድር

እስከ ዛሬ ማርስን የረገጠ ሰው የለም። የረገጡት መሣሪያዎች ናቸው። ቫይኪንግ 1 በ1976 አርፋ ሥዕል ላከች፤ በ2021 ደግሞ ፐርሲቪራንስ የተባለች ባለ ስድስት ጎማ ሮቦት ሰባት ወር ገደማ ተጉዛ ደረሰች። የማርስ ቀን ከእኛ ቀን የሚረዝመው በ40 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። መመሳሰላችን ግን እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል። የአየሯ ግፊት ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ አየሩም በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ የቆመ ሰው «ደርሻለሁ» ቢል ድምፁ እናቱ ጆሮ ለመድረስ፣ እንደ ሁለቱ ዓለማት ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስድበታል።

እንግዲህ የሰው ልጅ ማርስ ላይ ስለሚያርፍበት ቀን ያለን ታሪክ ሁሉ ልብወለድ ነው። ልብወለዱም የተጀመረው በትርጉም ስሕተት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1877 ጣሊያናዊው ስኪያፓሬሊ በመነጽሩ በማርስ ላይ መስመሮች አየና በቋንቋው «ካናሊ» አላቸው። ቃሉ ተፈጥሮ የሠራውንም ሰርጥ ይጨምራል። እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ ግን ሰው የቈፈረው የመስኖ ቦይ ሆኖ ተሰማ። ቦይ ካለ ቈፋሪ አለ፤ ቈፋሪ ካለ ሕዝብ አለ። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌል ይህን ሐሳብ በመጻሕፍት አስፋፋው። ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1898 «የዓለማት ጦርነት» በተባለው መጽሐፉ ነገሩን ገልብጦ የማርስ ሰዎችን እንግሊዝ አገር ላይ አሳረፋቸው። ዌልስ የአገሩን ሰዎች ሊያስደነግጥ ብቻ አልጻፈውም። አውሮፓውያን በታስማኒያ ነባር ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጥፋት ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያነሣዋል። ሌላው ዓለም ላይ ስታርፉ የነበራችሁት እንዲህ ነው ማለቱ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1965 መጣ። ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ ስታልፍ 22 ሥዕሎች አነሣች። ቦይ የለም፤ ከተማ የለም፤ ጉድጓድ የሞላበት ደረቅ መሬት ብቻ። ጸሐፊዎች ለዘመናት የሞሏት ምድር በጥቂት ቀናት ባዶ ሆነች።

ይህን ታሪክ የነገርኳችሁ በምክንያት ነው። ስለ ማርስ ማረፍ የሚጽፉ ሰዎች «ማን ቀድሞ ይደርሳል?» የሚለውን ጥያቄ ይወዱታል። እኔ ግን ደጋግሜ ሳነባቸው መጻሕፍቱን በሌላ ጥያቄ መመዘን ጀመርኩ፦ የሚያርፈውን ሰው ማን ተቀበለው? ተቀባዩስ ምን አየ?

ንግግሩ ሲተረጎም

ሲ. ኤስ. ሉዊስን አብዛኞቻችሁ በናርኒያ ታውቁታላችሁ። ከናርኒያ በፊት፣ በ1938፣ «ከዝምተኛዋ ፕላኔት ወጥቶ» ልንለው የምንችል ልብወለድ አሳትሟል። ራንሰም የተባለ የቋንቋ ምሁር በእግሩ አገር እያየ ሲጓዝ ዌስተንና ዲቫይን የተባሉ ሁለት ሰዎች ያፍኑትና በመንኮራኩር ወደ ማርስ ይወስዱታል። ዌስተን ሳይንቲስት ነው፤ የሰው ዘር ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየተሻገረ ለዘላለም እንዲኖር ይፈልጋል። ዲቫይን ወርቅ ይፈልጋል። ራንሰምን የወሰዱትም የማርስ ፍጥረታት የሰው መሥዋዕት ጠይቀውናል ብለው ስላሰቡ ነው።

ራንሰም ወደዚያ የደረሰው ዌልስን አንብቦ ነው። ስለዚህ ከማርስ የሚጠብቀው ጭራቅ ብቻ ነው። ያገኘው ግን የሚገጥሙ፣ የሚያርሱ፣ እንግዳ የሚያስተናግዱ ፍጥረታትን ነው። ቋንቋቸውን ተማረ፤ ከእነሱ ጋር በላ፤ ፍርሃቱ የመጣው ከራሱ ዓለም እንደነበር ገባው። ሉዊስ እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ከእርሱ በፊት በብዙ መጻሕፍት የነበረውን የማርስን ጭራቅ ወስዶ በመንኮራኩሩ ውስጥ አስቀመጠው።

የመጽሐፉ ጉልበት ግን መጨረሻው አካባቢ ያለ አንድ ትዕይንት ነው። ዌስተን በዚያች ዓለም ገዥ ፊት ቆሞ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ሰው ዘር ዕጣ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ስለሚተካበት መብት ረጅም ንግግር ያደርጋል። የማርስን ቋንቋ በቅጡ ስለማይችል ራንሰም ይተረጉምለታል። ራንሰም አያጣምም፤ አይጨምርም። ነገር ግን በዚያ ቋንቋ ውስጥ ለዌስተን ትልልቅ ቃላት መሸሸጊያ የለም። በእንግሊዝኛ ያማረው ንግግር በትርጉሙ «ገድለናችሁ በቦታችሁ እንኖራለን» ወደሚል ተራ ነገር ይወርዳል።

ይህን ትዕይንት ሳነብ ያላፈርኩ እንዳይመስላችሁ። እኛ አካባቢ ስብከት ከአማርኛ ወደ ጌዴኡፋ ይተረጎማል፤ እኔም ከተርጓሚዎቹ አንዱ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሩቅ የመጣ አንድ እንግዳ አገልጋይ በግለት እየሰበከ «ምድሪቱን እንወርሳለን! ድንበራችንን እናሰፋለን!» አለ። በአማርኛ ሁላችንም የለመድነው የጸሎት ቋንቋ ነው፤ ማንም ክፉ አያስብበትም። ጌዴኡፋ ላይ ልመልሰው ስል ግን በአፌ የመጣው «መሬቱን እንወስዳለን፤ አጥራችንን እንገፋለን» የሚል ነበር። ከፊቴ ከተቀመጡት መካከል ቤታቸውንና መሬታቸውን ትተው የመጡ ተፈናቃዮች ነበሩ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ምላሴ ተያዘ። ከዚያም «እግዚአብሔር ያለንበትን ምድር ይባርካል» ብዬ አለፍኩት። ሕዝቡ «አሜን» አለ፤ ሰባኪውም ተደስቶ ቀጠለ።

ሉዊስ ያስተማረኝ ይህን ነው። የራንሰም ትርጉም የተለየ ጥበብ አልነበረበትም፤ ቃሉን የሚሰማው ሰው ቤት አስገባው እንጂ። እኔ ያንን አላደረግሁም፤ ሸፈንሁለት። ምናልባት ከስብከቱ በኋላ አገልጋዩን ለብቻው ጠርቼ «ወንድሜ፣ ቃልህ እዚህ ሲደርስ እንዲህ ሆነ» ልለው ይገባ ነበር። ዛሬም ባለሀብቶችና ኩባንያዎች «ማርስን እንሰፍርባታለን፤ በላይዋ ከተማ እንቆረቁራለን» ሲሉ ንግግራቸውን በእናታችሁ ቋንቋ ተርጉሙት። ቆሞ የሚሄድ ከሆነ መልካም ነው። ካፈረ፣ ያፈረው ቋንቋችሁ አይደለም።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አልልም። ዌስተን ቶሎ ይሸነፋል፤ ሉዊስ ጠንካራ ክርክር አልሰጠውም። እንዲህ ዓይነት ሰው በእውነተኛው ዓለም ብልህና ተወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። የሉዊስ ማርስም ሳይንሱ አያውቃትም፤ ሸለቆዋ ሞቃት ነው፤ አየሩ ይተነፈሳል። በኃጢአት ያልወደቁ ፍጥረታት በሌላ ዓለም አሉ የሚለውን ሐሳቡንም እንደ ትምህርተ ሃይማኖት አትውሰዱት። እርሱ ያቀረበው እንደ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የሚመለሰው ወደ እኛ ነው፦ ያልወደቀ ጎረቤት ቢኖረን ኖሮ ስለ እኛ ምን ይል ነበር?

ገነት የመሰለች ማርስ

አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ በ1950 «የማርስ ዜና መዋዕል» ሊባል የሚችል መጽሐፍ አወጣ። አንድ ወጥ ልብወለድ ሳይሆን የተያያዙ አጫጭር ታሪኮች ስብስብ ነው። በውስጡ ሰው በተደጋጋሚ ያርፋል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ቀናተኛ የማርስ ባል ይገድላቸዋል። ሁለተኛዎቹ «ከምድር መጣን» ሲሉ የሚያምናቸው ጠፍቶ ከአእምሮ ሕሙማን ጋር ይቆለፍባቸዋል። ይህን ሳነብ ስቄአለሁ። ጀግና ሆኖ የሚደርስ ሰው ተቀባዩ ዘንድ እብድ ሊመስል እንደሚችል ማን ያስባል?

ሦስተኛው ግን አያስቅም። ይህ ታሪክ ቀድሞ በ1948 ለብቻው ታትሞ ነበር፤ ርእሱም ማርስ ገነት ናት የሚል ትርጉም አለው። ጠፈርተኞቹ ያረፉት በልጅነታቸው በሚያውቋት ዓይነት ትንሽ ከተማ ነው። ሣሩ ለምለም ነው፤ ፒያኖ ይሰማል። በሩ ሲከፈት የሞቱ አያቶቻቸው፣ ወላጆቻቸውና ወንድሞቻቸው ይወጣሉ። ሰዎቹ ትእዛዝ ረስተው መንኮራኩራቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሌሊት ላይ ካፒቴኑ ከሞተው ወንድሙ ጎን ተኝቶ እያለ ነገሩ ወጥመድ ሊሆን እንደሚችል ይገባዋል። ጊዜው ግን አልፏል።

ይህ ታሪክ ስለ ማርስ አይደለም። ሰው ሩቅ አገር ላይ ሊያርፍ ሲነሣ ይዞ የሚሄደው ያጣውን ነገር ነው፤ የናፈቀውንም የሚያሳየው ሰው በቀላሉ ይማርከዋል። ከደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ የተነሡ ወጣቶችን ደላላ ምን ብሎ እንደሚያናግራቸው የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። «እዚያ ገነት ነው» የሚለው ቃል መንኮራኩር አያስፈልገውም።

አራተኞቹ ሲደርሱ ደግሞ የማርስ ሰዎች አልቀዋል። የገደላቸው ጦር አይደለም። ቀደም ብለው ያረፉት ሰዎች ይዘው የመጡት ጉድፍ ነው፤ በእኛ መንደር ልጅ ሁሉ ይዞት የሚለቀው በሽታ። ከአዲሶቹ እንግዶች አንዱ ሰክሮ ባዶ ጠርሙሱን በዚያ ጥንታዊ ቦይ ውስጥ ይጥላል። ብራድበሪ ከዚህ በላይ አይከስም፤ ጠርሙሱ በቂው ነው። በመጨረሻው ታሪክ አንድ አባት ልጆቹን የማርስ ሰዎችን አሳያችኋለሁ ብሎ ወደ ቦዩ ይወስዳቸዋል። ውሃው ውስጥ የሚያዩት የራሳቸውን መልክ ነው።

የብራድበሪ ድካም የእሱ የማርስ ሰዎች መስተዋት ብቻ መሆናቸው ነው። አሜሪካውያን ራሳቸውን እንዲያዩባቸው ይጠቅማሉ፤ እነሱ ራሳቸው ምን እንደሚወዱና ማንን እንደሚቀብሩ ግን ብዙም አናውቅም። ስለ ተቀባዩ የሚያዝን ልብ አለው፤ ተቀባዩን ግን አላናገረውም።

ከሾላው ሥር

ብራድበሪ ያንን ታሪክ ባሳተመበት በዚያው በ1948፣ በእኛ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር ሰሞን፣ ሁለት እንግዶች በመኪና ዲላ ደረሱ። አልበርት ብራንትና ግሌን ኬይን ይባላሉ። ታሪኩን ከአገልጋዮች አፍ ሰምታችሁታል፤ ዶን ሪቻርድሰን ደግሞ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አሰራጭቶታል። እንደ እርሱ አተራረክ ዋራሳ ዋንጌ የተባለ የጌዴኦ ሰው፣ ሁሉን የፈጠረው ማጌኖ ራሱን እንዲገልጥለት ይጸልይ ነበር። ሁለት ነጫጭ እንግዶች ዲላ አጠገብ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ቀለል ያለ መጠለያ ሲተክሉ በራእይ አየ። ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ሰዎች መኪናቸውን ያቆሙት ከሾላ ሥር ነበር።

ይህን ከማርስ ታሪኮች አጠገብ አስቀምጡት። በጠፈር ልብወለድ ውስጥ ታሪኩ የሚጀምረው መንኮራኩሩ ሲነሣ ነው። በእኛ ታሪክ የጀመረው ግን ተቀባዩ ሲጸልይ ነው። እንግዶቹ ገና መንገድ ሳይጀምሩ አንድ ሰው ይጠብቃቸው ነበር፤ ከዚያ ሰውም በፊት እግዚአብሔር እዚህ ነበር። ደራሾቹ እግዚአብሔርን በጭነት መኪና ጭነው አላመጡትም። ቢሆንም እኛ ራሳችን ታሪኩን ስንተርክ ብዙ ጊዜ መኪናው እንደቆመ እንጨርሳለን። ያን ቀን ውሃ ያቀረበው ማን ነበር? ከቤቷ ወጥታ ያየቻቸው ሴት ምን ፈራች? ይህን ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ የምትጽፉ እናንተ ናችሁ።

መቀበልን የምናውቀው በድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ተፈናቅለው ወደ ዞናችን ሲገቡ፣ ወደ ኮቾሬና ወደ ገደብ ሲመጡ፣ በእጃቸው ከያዙት በቀር ምንም አልነበራቸውም። ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት መኝታ ሆኑ። ያኔ ልጆች የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። መድረስ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ የሚያስረዳ የጠፈር ደራሲ አያስፈልጋችሁም።

ድንችና መስቀል

አሁን ልጁ ወዳየው ፊልም ልምጣ። አንዲ ዊር «ማርሳዊው» የተባለውን ልብወለድ በ2011 በራሱ አወጣው፤ በ2014 አሳታሚ ተቀበለው፤ በ2015 ሪድሊ ስኮት ፊልም ሠራበት። ማርክ ዋትኒ የዕፅዋት ባለሙያና መሐንዲስ ነው። ባልደረቦቹ በማዕበል ሞተ ብለው ጥለውት ይሄዳሉ። ከማሪነር 4 በኋላ የተጻፈ ስለሆነ በዚህ ማርስ ላይ ማንም የለም። ጭራቅም ወዳጅም የለም። የሚቀበለው ብርድ ብቻ ነው።

የመጽሐፉ ውበት በሥራው ላይ ነው። ዋትኒ ለምስጋና በዓል ታስበው የመጡ ድንቾችን ያገኛል። የማርስን አቧራ፣ ከምድር የመጣ ጥቂት አፈርና የሰው ዓይነ ምድር ይቀላቅልና ድንች ይተክላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት አልገረማትም። ፍግ የሌለው ጓሮ እንሰት እንደማያበቅል ስለምታውቅ «ታዲያ በምን ሊያበቅል ኖሯል?» አለችኝ። ዊር በሳይንሱ የሚመሰገን ጸሐፊ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። የማርስ አየር እጅግ ስስ ስለሆነ መንኮራኩር የሚያዘምም ማዕበል ሊያስነሣ አይችልም። በ2008 ደግሞ ፊኒክስ የተባለችው መሣሪያ በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የሚባል ለሰው ጎጂ ጨው አግኝታለች፤ የዋትኒ አፈር ስለዚህ አያወራም።

ከዚህ የሚከብደው ጉድለት ግን የልብ ነው። ዋትኒ ከአንድ ዓመት በላይ ብቻውን ይኖራል፤ ግን እንደ መጣ ይመለሳል። ይቀልዳል፤ ያሰላል፤ ይጠግናል። መዝሙረ ዳዊትን ያነበበ ሰው ብቸኝነት ምን እንደሚያስጮህ ያውቃል። የዊር ጀግና እግዚአብሔርን መጥራት ግድ አልነበረበትም፤ ማልቀስ ግን ነበረበት።

ልጁን ያስጨነቀው ትዕይንትም እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ዋትኒ ለድንቹ ውሃ ያስፈልገዋል። ከሃይድራዚን ነዳጅ ሃይድሮጅን ለይቶ በማቃጠል ውሃ ሊሠራ ይወስናል። እሳት ለማስነሣት እንጨት ይፈልጋል፤ በቤቱ ያለው ዕቃ ግን ሆን ተብሎ እንዳይቃጠል ሆኖ የተሠራ ነው። በመጨረሻ የሚያገኘው ማርቲኔዝ የተባለው ባልደረባው ትቶት የሄደውን የእንጨት መስቀል ነው። እርሱን ፍቆ ያነደዋል።

አንዳንዱ ይህን ሲያይ ድፍረት ነው ብሎ ይቆጣል። ሌላው ደግሞ ቶሎ ብሎ ከመስቀሉ እሳት፣ ከእሳቱም ውሃ ወጣ እያለ ስብከት ይሠራበታል። ሁለቱንም አትቸኩሉባቸው። ዊር ሊሳደብም ሊሰብክም አልጻፈውም፤ የችግር ማለፊያ አድርጎ ጻፈው፤ ቀልድም አከለበት። እኔን የያዘኝ ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። በስሌት ከተመረጠው ዕቃ ሁሉ መካከል የሰውዬውን ሕይወት ያቆየው አንድ ሰው ለሥራ ሳይሆን ስለሚያምን ብቻ ይዞት የመጣው ዕቃ ሆነ። ደራሲው ካሰበው በላይ እውነት ተናግሯል ብል አልሳሳትም።

መጽሐፉ ሲያበቃ ሰው በተፈጥሮው ለሰው ይደርሳል የሚል ተስፋ ይሰጣል። አሜሪካና ቻይና አንድን ሰው ለማዳን ይተባበራሉ። ይህ ባዶ ምኞት አይደለም፤ የእኛ የመጀመሪያ ሳተላይትም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የወጣችው በቻይና ሮኬት ነው። ሆኖም ዊር የጻፈው የሰውን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ዌልስና ብራድበሪ ጽፈውታል። ሁለቱን አብሮ የሚያነብ ሰው ስለ ሰው ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ወደሚለው ይቀርባል፦ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ፣ የወደቀም።

ባዶ ያሉት አገር

በአገራችንም ማርስ የምትባል ምድር አለች። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል 100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያለው የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ መሬት ማርስን ለሚያጠኑ ሳይንቲስቶች መማሪያ ሆኗል። በ2019 አንድ ቡድን እዚያ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት አገኘሁ አለ፤ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በጣም ጨዋማና አሲዳማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። በ2015 የወጣው «ክረምብስ» የተባለው ፊልምም የተቀረጸው በከፊል በዳሎል ነው። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው የእኛው ዳንኤል ታደሰ ነው። ሰውዬው በሰማይ ተንጠልጥላ የቀረች አሮጌ መንኮራኩር ላይ ወጥቶ ለመሄድ ይመኛል። ስለ ማርስ ባይሆንም ኢትዮጵያዊ ጀግና ጠፈርን ሲመኝ ያየሁበት ፊልም እርሱ ነው።

ስለ ዳሎል ሲወራ ግን «ሌላ ፕላኔት ይመስላል» ከሚለው ቀጥሎ የሚረሳ ነገር አለ። በዚያው በረሃ አፋሮች ጨው ይቆርጣሉ፤ ግመሎች ተጭነው ይወጣሉ። እንግዳ ባዶ ያለው ቦታ የሰው እንጀራ ነው። የማርስን ታሪክ በተቀባይ ዓይን ማንበብ የለመደ ሰው ዳሎልንም የሚያየው እንዲሁ ነው፤ የገዛ መንደሩንም ጭምር።

ለልጁ

እንግዲህ የዚያን ቅዳሜ ጥያቄ አሁን ልመልስ። ሰው ማርስ ላይ ቢያርፍ እምነታችን ምን ይሆናል? እምነታችን የቆመው «ሰው እዚያ አይደርስም» በሚል ላይ ከነበረ ይወድቃል፤ መውደቅም ይገባዋል፤ እግዚአብሔር እንዲህ ብሎ ቃል አልገባምና። የስምንተኛው መዝሙር ዘማሪ ጨረቃንና ከዋክብትን አይቶ በሰው ትንሽነትና በተሰጠው ክብር ተደነቀ እንጂ አልደነገጠም። በ1968 የገና ዋዜማ አፖሎ 8 ጨረቃን ስትዞር ጠፈርተኞቿ የዘፍጥረትን መጀመሪያ ለምድር አነበቡ። በ1969 በዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ ካረፉ በኋላ፣ ከመንኮራኩሩ ገና ሳይወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞት የሄደውን ኅብስትና ወይን በጸጥታ ተቀበለ። አንድ ሰው እዚያ ደረሰና መጀመሪያ ያደረገው አሸናፊነቱን ማወጅ አልነበረም፤ የተሰጠውን አስቦ አመሰገነ።

ማረፉን መፍራት አይገባንም። መፍራት ያለብን ስናርፍ የምንሆነውን ነው፤ ይህ ደግሞ ማርስ እስክንደርስ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ጻፉ። በእኛ አገር ቋንቋዎች የማርስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል። ስትጽፉ ከደራሹ ዓይን ብቻ አትጀምሩ፤ ያ ምድር ባዶም ቢሆን ባለቤት አለው። ጀግናችሁ ሲያርፍ የሚናገረውን ቃል በእናታችሁ ቋንቋ አስቀምጡትና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በእጁ ምን እንደያዘም አስቡ። በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር በአቀበት ላይ እንሰትን፣ ቡናንና ዛፍን አብሮ የሚያኖር ነው። እንሰት የሚተክል ሰው ለመብላት ዓመታት ይጠብቃል፤ ከዚያ በፊት ለአፈሩ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሰው ማርስ ላይ ቢያርፍ ታሪኩ የዌስተንን የሚመስል አይመስለኝም።

አንተ ደግሞ፣ ከኋላ የምትቀመጠው ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። የሉዊስን መጽሐፍ በስልኬ ላይ አስቀምጬልሃለሁ። የዌስተንን ንግግር ወደ ጌዴኡፋ አብረን ብንመልሰው ደስ ይለኛል፤ እኔ ብቻዬን ስሞክረው ሁለት ቦታ ላይ ተቸግሬአለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ አልቸኩልም።